ከፕሌይሊስታችሁ ውስጥ ታሪክ ማውጣት፦ ዘፈን እየሰሙ ለሚጽፉ የሚሆን መመሪያ

መጻፍ እየፈለጋችሁ ባዶ ስክሪን ላይ አፍጥጣችሁ ለምትቀሩ፣ ስልካችሁ ግን በዘፈን ለተጨናነቀ ሰዎች ነው ይሄ። አጭር ልቦለድ ይሁን ግጥም ይሁን ወግ ለውጥ የለውም፣ አካሄዱ ያው ነው። ግን ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር እንግባባ። ዘፈን ስንሰማ የሚመጣብን ስሜት ውሰት ነው። ድምፃዊው፣ ኪቦርዲስቱ፣ ሳክስፎን የሚነፋው ሰውዬ ለፍተው ያመጡት ነው እኛ ጆሯችን ላይ ኢርፎን ሰክተን የምንንሳፈፍበት፣ አንባቢው ደግሞ ዘፈኑን አይሰማም፣ እሱ ጋ የሚደርሰው ፊደል ብቻ ነው። ስለዚህ ከታች የምላችሁ ነገር ሁሉ ዞሮ ዞሮ ይሄን የተዋስነውን ስሜት እንዴት አድርገን ወደ ሰው፣ ወደ ቦታ፣ ወደ ዕቃ እንደምንቀይረው ነው።

1. ለአንድ ታሪክ አንድ ፕሌይሊስት

"የምወዳቸው" ብላችሁ ያጠራቀማችሁት ለዚህ ሥራ አይሆንም። እሱ ውስጥ የሰርግ ዘፈን አለ፣ መዝሙር አለ፣ ጂም የምትሠሩበት ሂፕሆፕ አለ፣ ሁለት መስመር ሳትጽፉ ሙዱ ይገለበጥባችኋል። አዲስ ክፈቱ። ስሙንም "ሐዘን"፣ "ቺል" ምናምን አትበሉት፣ በታሪኩ ሰው ወይ በቦታው ሰይሙት፣ "የጋሽ ታዬ ሱቅ"፣ "ሰናይት ከጅዳ ስትመለስ"፣ እንደዚህ። ስሙን ባያችሁት ቁጥር ስለማን እንደምትጽፉ ያስታውሳችኋል። ብዛቱ ከ7 እስከ 12 ዘፈን ይበቃል። ከዛ ከበዛ ሰሚ ሆናችሁ ትቀራላችሁ፣ ምክንያቱም ቀጣዩ ምን ይሆን እያለ ጆሯችሁ ይጠብቃል።

የት ይቀመጥ ለምትሉ እኔ ቴሌግራምን ነው የምመክረው። ኒው ቻናል ብላችሁ ፕራይቬት አድርጉትና ለብቻችሁ የሆነ ቻናል ክፈቱ፣ ያሏችሁን ዘፈኖች (ገዝታችሁ ያገኛችኋቸው ከሆኑ እሰየው) በምትፈልጉት ቅደም ተከተል አንድ በአንድ ላኩበት፣ ዳውንሎድ አድርጉ፣ አለቀ። አንዱን ስትነኩት ተከታትሎ ይጫወታል፣ ተራው ከኋላ ወደ ፊት ከሆነባችሁ ማጫወቻው ላይ የሚገለብጥ አማራጭ አለ። ከዛ ዳታ አጥፉ። ዩቲዩብ መጥፎ ነው አልልም፣ ግን ፕሪሚየም ከሌላችሁ ስክሪኑ ሲጠፋ ዘፈኑም ይጠፋል፣ ማስታወቂያው ደግሞ አለላችሁ፣ ልክ ሬሳው ከቤት ሊወጣ ሲል የዱቄት ሳሙና ማስታወቂያ ሲገባ እስቲ ማን መጻፍ ይችላል? ሹፍልም አጥፉ። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ያላችሁ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ስልካችሁ ቻርጅ እያለው ጀምሩ።

2. የትኛው ዘፈን ይግባ

እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። የራሱን የልብ ስብራት ዘፈኖች ይሰበስብና ስለ ሌላ ሰው ሊጽፍ ይቀመጣል፣ ሲጨርስ ገፀባሕሪው እሱ ራሱ ሆኖ ቁጭ ይላል፣ ስሙ ብቻ ተቀይሮ። የናንተን ትዝታ የያዘ ዘፈን አንድ ወይ ሁለት ይበቃል፣ እሱም ቢሆን ከሰው ይልቅ ከቦታ ጋር የተያያዘው ይሻላል፣ ጸጉር ቤት ተራ ስትጠብቁ የሰማችሁት፣ ክረምት ላይ ከጎረቤት ግድግዳ አልፎ የሚመጣው፣ ሚኒባስ ውስጥ ስፒከሩ እየተንጫረረ የሰማችሁት።

የቀረውን ገፀባሕሪያችሁ ይምረጥ። እናንተ የማትወዱትም ቢሆን። ለምሳሌ በንጉሡ መጨረሻ ዘመን ወጣት ስለነበረ ሰው የምትጽፉ ከሆነ፣ ያ ሰው ሸክላ ነው የሚሰማው። አምሃ እሸቴ በፈረንጅ 1969 አምሃ ሬከርድስን ሲጀምር ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር የተሰጠ ነበር፣ ሰውየው እሱን ጥሶ ነው የዘመኑን ድምፃውያን ማሳተም የጀመረው፣ እስከ 1975 ቀጠለ። እዚች ውስጥ ብቻ ስንት ታሪክ አለ እኮ፣ ሸክላ ቤት በር ላይ ቆሞ ድምፅ ማጉያ የሚሰማ፣ መግዣ የሌለው ልጅ። ደርግ ከመጣ በኋላ ደግሞ ካሴት ነው፣ ሰዓት እላፊም ነው። ማታ ጭፈራ ቤት የገባ ሰው ሰዓት እላፊው ከጀመረ ወደ ቤቱ መሄድ ስለማይችል ብዙ ጊዜ እስኪነጋ እዛው ነው የሚቆየው፣ ባንዱም እየተጫወተ ያድራል። አስቡት፣ ከባሏ ተጣልታ የወጣች ሴት፣ አዳራሹ ውስጥ ባሏ በሌላኛው በኩል ተቀምጦ ብታየው፣ ሁለቱም መውጣት አይችሉም። እኔ በነፃ ሰጠኋችሁ፣ ጻፉት።

ስለዚህ ዘፈን ስትመርጡ ሁለት ነገር አጣሩ፣ ያኔ ወጥቶ ነበር ወይ፣ እና በምን ይሰማ ነበር። 1980 ዓ.ም ላይ ብሉቱዝ ስፒከር ያስገባ ታሪክ አንባቢ አይምርም።

3. ግጥም የሌለው ዘፈን ለምን እንደሚያስፈልግ

በአማርኛ እየጻፋችሁ የአማርኛ ዘፈን ከሰማችሁ ቃላቱ ይጋጩባችኋል። ሳታውቁት የዘፋኙ ስንኝ ጽሑፋችሁ ውስጥ ይገባል፣ በኋላ ስታነቡት "ይሄን ቃል ከየት አመጣሁት" ትላላችሁ። ግጥም ያለውን ከመጻፍ በፊት ስሙት፣ እየጻፋችሁ የምትሰሙት ግን ግጥም የሌለው ይሁን።

ምርጫ ሞልቷል። የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ፒያኖ ለዚህ ሥራ የተሠራ ነው የሚመስለው፣ በፈረንጅ 2023 ኢየሩሳሌም ውስጥ ያረፉት እናት ማለቴ ነው። ከበሮ የለም፣ የሚያጣድፍ ምት የለም፣ ጣታቸው ደስ ሲለው ይዘገያል ደስ ሲለው ይፈጥናል፣ ስለዚህ እጃችሁን አይጎትተውም። የሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝም አሪፍ ነው፣ በተለይ ማታ፣ ከተማ፣ ጥርጣሬ ያለበት ትዕይንት ላይ። ዋሽንት ለገጠር ታሪክ ጥሩ ነው ግን ተጠንቀቁ፣ ዋሽንት ስትሰሙ ወዲያው እረኛና ተራራ መጻፍ ያምራችኋል፣ ያን ደግሞ ሁሉም ሰው ጽፎታል። በገና የሁዳዴ ሰሞን ስሜት ይዞ ይመጣል፣ ታሪካችሁ ጾም ላይ ካልሆነ ይከብዳል።

ሌላው መላ የማትችሉትን ቋንቋ መስማት ነው። የሱዳን ዘፈን ሞክሩ። ቃሉ አይገባችሁም፣ ዜማው ግን እንደኛው ባለ አምስት ድምፅ ስለሆነ ጆሮ ላይ እንግዳ አይሆንም፣ ለዚህም ነው እኛ አገር ሰርግ ላይ ሳይቀር የሚጨፈርበት። ድምፁ የሰው ድምፅ ነው፣ ስሜቱ ይደርሳችኋል፣ ቃል ግን አያበድራችሁም።

4. መጀመሪያ ዝም ብላችሁ ስሙ

ዋናው ስቴፕ ይሄ ነው፣ ሌላውን ብትዘሉ እንኳ ይሄን አትዝለሉ። አንድ ዘፈን ምረጡ፣ ስልኩን ገልብጣችሁ አስቀምጡ፣ ምንም ሳትጽፉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስሙ። ከዛ ደግማችሁ ክፈቱትና እነዚህን ጠይቁ። ይሄ ዘፈን የት ነው እየተጫወተ ያለው? ማን ነው የከፈተው፣ ማን ነው ይዘጋልኝ ብሎ የሚመኘው? በምን ነው የሚሰማው፣ በሬድዮ፣ በታክሲ ስፒከር፣ በላፕቶፕ? እዛ ክፍል ውስጥ ምን ይሸታል፣ ሽንኩርት እየተቁላላ ነው፣ የጸጉር ቅባት ነው፣ ናፍጣ ነው? እዛ ያለው ሰው እጁ ምን ይዟል? የመጨረሻዋ ጥያቄ ትንሽ ትመስላለች ግን ብዙ ጊዜ ታሪኩን የምትከፍተው እሷ ናት።

መልሱን በቁርጥራጭ ጻፉ፣ ዓረፍተ ነገር መሆን የለበትም። ከዛ ዘፈኑን ሪፒት ላይ አድርጉና (ግጥም ካለው ዝቅ አድርጉት) ለአሥር ደቂቃ ሳታቆሙ ጻፉ። መሰረዝ የለም፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ማንበብ የለም።

ምን ማለቴ እንደሆነ እንዲገባችሁ አንድ ነገር ላሳያችሁ። ይሄ ዘፈኑ ብቻ የጻፈው ነው፦

"ዘፈኑን ስትሰማ ልቧ ተሰበረ። ያለፈው ጊዜ ሁሉ እንደ ጎርፍ መጣባት። እንባዋ በጉንጮቿ ላይ ፈሰሰ።"

ዘፈኑን እየሰማ ለሚያነብ ሰው ይሄ ያስለቅሳል። ያለ ዘፈኑ ግን ባዶ ነው፣ ማን ናት፣ ምን አለፈ፣ የት ነው ያለችው፣ ምንም የለም። አሁን እነዛን ጥያቄዎች መልሰን፦

"ሾፌሩ ድምፁን ከፍ አደረገው። ረዳቱ 'ሒሳብ፣ ከኋላ' ሲል ሰናይት መቶ ብር ሰጠችውና ወደ መስኮቱ ዞረች። 'ልጄ፣ መልስሽን' አሏት አጠገቧ የተቀመጡት እናት። አልሰማቻቸውም። ሳክስፎኑ ሲገባ በጣቷ ጉልበቷን መታ መታ አደረገች፣ አባቷ ጋቢው ውስጥ ሆኖ እንደሚያደርገው፣ ወዲያው ደግሞ እጇን በሌላኛው እጇ ያዘችው። 'አራት ኪሎ መጨረሻ!' መውረጃዋ ሾላ ነበር።"

እንባ የለም፣ ትዝታ የሚል ቃል የለም፣ የዘፈኑ ስም እንኳ አልተጠራም። ግን አባቷ ምን ሆኖ ነው ብሎ አንባቢው ይጠይቃል። መልሷን ያልተቀበለችው፣ ፌርማታው ያለፋት፣ እጇን የያዘችው፣ እነዚህ ናቸው ዘፈኑ እናንተ ላይ ያደረገውን ነገር አንባቢው ላይ የሚያደርጉት። እና ልብ በሉ፣ እሷ ላይ ያለው ዝርዝር ሁሉ ከጥያቄዎቹ መልስ ነው የመጣው፣ በምን ይሰማል ለሚለው የታክሲ ስፒከር፣ እጇ ምን ይዟል ለሚለው መቶ ብር።

5. ቅኝት እንደ ሙድ

ሙዚቃ መማር አያስፈልጋችሁም፣ ጆሯችሁ ያውቀዋል። አራቱን ዋና ዋና ቅኝቶች ማለትም ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል እና አንቺሆዬን የያዘ አንዳንድ ዘፈን ፈልጉ፣ እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ድምፅ ነው ያላቸው ግን በድምፆቹ መሐል ያለው ርቀት ስለሚለያይ ስሜታቸው ለየቅል ነው። ከዛ አንድ ትዕይንት ያዙ፣ በጣም ቀላል የሆነ፣ ለምሳሌ ለብዙ ዓመት ጠፍቶ የነበረ ልጅ የእናቱን በር ሲያንኳኳ። ይቺኑ በትዝታ ጻፏት፣ ሌላ ቀን ደግሞ በአንቺሆዬ።

እኔ ላይ የሚመጣውን ልንገራችሁ፣ እናንተ ላይ ሌላ ሊሆን ይችላል። በትዝታ ስጽፈው ልጁ ሳያንኳኳ በፊት ብዙ ይቆማል፣ በሩ ላይ ያለውን ቀለም ያያል፣ ድሮ የነበረው ዛፍ መቆረጡን ያያል። በአንቺሆዬ ሲሆን ድምፆቹ ትንሽ ስለሚቆረቁሩ፣ ያላለቀ ነገር ያለ ስለሚመስል፣ ልጁ ያንኳኳል፣ ከውስጥ "ማነው?" ይባላል፣ እሱ ደግሞ ስሙን መናገር ያቅተዋል። አምባሰል ለኔ አደባባይ ላይ የሚናገር ሰው ነው፣ የቤት ውስጥ ሹክሹክታ አይሆንለትም፣ በሩን ስታንኳኳ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ባቲን ለፍቅር ነው የማቆየው። ትዝታ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፣ በጣም ስለሚመቸን ሁሉንም ታሪክ እዛ ውስጥ እናሰጥማለን፣ ሰው እየተከራከረ እንኳ በትዝታ ነው የሚከራከረው። ፕሌይሊስታችሁን እዩት፣ ግማሹ ትዝታ ከሆነ ቀንሱ።

6. ምቱን ለዓረፍተ ነገር

ችክችካ ያለበትን ዘፈን ክፈቱና በእግራችሁ ምቱን ያዙ። አሁን ሰርግ ላይ ጠብ ሲነሳ ጻፉ። ዓረፍተ ነገራችሁ ራሱ ያጥራል፣ ግስ ይበዛበታል፣ ገባ፣ ገፋው፣ ወንበር ወደቀ፣ ሚዜው መሐል ገባ። ከዛ ቀርፋፋ ዘፈን ክፈቱና ጠዋት ድንኳን ሲፈርስ፣ ሰው ሁሉ ሄዶ ሳህን ሲለቀም ጻፉ፣ ዓረፍተ ነገሩ እየረዘመ ሲሄድ ታዩታላችሁ። ጥሩ ነው። ችግሩ የሚመጣው ምቱና ትዕይንቱ ሲጣሉ ነው፣ እሱንም ሆን ብላችሁ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ፣ ለቅሶ ቤት ሆነው ጎረቤት ሞቅ ያለ ጉራጊኛ የከፈተባቸውን ሰዎች ጻፉ እስቲ።

ከዘፈን አወቃቀርም መዋስ ይቻላል። አዝማች ተመልሶ ተመልሶ እንደሚመጣ አንዲት ዓረፍተ ነገር በታሪካችሁ ውስጥ ሦስት ቦታ አስቀምጡ፣ ግን በመጣች ቁጥር የሚናገራት ሰው ይለወጥ። እናትየው መጀመሪያ "በሩን ክፍት ተዉት" ካለች፣ መጨረሻ ላይ እሷ ከሞተች በኋላ ታናሹ ልጅ ይበላት።

7. ሲነጥፍ "ተቀበል" በሉ

አንዳንድ ቀን ዘፈኑ ምንም አያመጣም። ያኔ አዝማሪ ቤት የሚደረገውን አድርጉ፣ ታዳሚው ስንኝ ይወረውራል፣ "ተቀበል!" ይላል፣ አዝማሪው ማሲንቆውን እየመታ ይቀበላል፣ እኔ አልተዘጋጀሁም ማለት የለም። አንድ ጓደኛችሁን በቴሌግራም ቮይስ አንድ መስመር እንዲልክላችሁ አድርጉ፣ የፈለገውን፣ ዝም ብሎ ስለ ምሳው ይሁን። ከፕሌይሊስቱ አንድ ዘፈን ክፈቱና ዘፈኑ ሳያልቅ ያቺን መስመር ተቀብላችሁ ትዕይንት አድርጓት። አምስት ደቂቃ ነው። ጊዜ የለኝም ለምትሉ ደግሞ፣ ኪቦርዲስቱ ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዳ በነበረበት ጊዜ ኪቦርዱን መኪናው ውስጥ ይዞ ኤርፖርት ላይ ተሳፋሪ እስኪመጣለት ይለማመድ ነበር። እኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን ቲክቶክ ነው የምናየው።

8. ኤዲት ስታደርጉ ፀጥታ

ይሄ ግዴታ ነው። ቢያንስ አንድ ሌሊት አሳድሩት፣ ከዛ ያለ ምንም ዘፈን፣ ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቡት። ዘፈን ከኋላ ሲኖር ደካማው መስመር ሁሉ ያማረ ይመስላል። ሲጠፋ ነው የሚታወቀው። ስታነቡ "ልቧ ተሰበረ"፣ "ዓለም ጨለመበት" ዓይነት መስመር ካጋጠማችሁ እዛ ጋ ዘፈኑ ሥራችሁን ሠርቶላችሁ ነበር ማለት ነው፣ ምልክት አድርጉበትና ወደ አራተኛው ስቴፕ ጥያቄዎች ተመለሱ። ከተቻለ ዘፈኑን ለማያውቅ ሰው ስጡት፣ ስለ ፕሌይሊስቱ ምንም ሳትነግሩት። እና አንድ ዘፈን ደጋግማችሁ ሰምታችሁት ከደነዘዘ አውጡት፣ የሌላ ሰው አጨዋወት ወይ የመድረኩን ቅጂ ተኩበት።

9. ግጥሙን ታሪኩ ውስጥ ላስገባ?

የዘፈን ርዕስ ወይ የዘፋኝ ስም ጠቅሶ ማለፍ ችግር የለውም። የሰው ግጥም ሙሉ ስንኝ ገልብጦ መጽሐፍ ውስጥ ማሳተም ግን ፈቃድ ይፈልጋል፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚባል ሕግ አለን፣ የገጣሚው መብት ደግሞ ሰውየው ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል። ብዙ ሰው የዘፋኙን ብቻ ያስፈቅድና ገጣሚውን ይረሳል።

እኔን ብትጠይቁኝ ግን ከሕጉም በላይ ለታሪኩ የሚሻለው የሌለ ዘፈን መፍጠር ነው። ገፀባሕሪያችሁ የሚሰማውን ዘፈን ራሳችሁ ጻፉለት፣ ሁለት መስመር ይበቃል፣ ፕሌይሊስቱ ውስጥ ካሉት በአንዱ ዜማ እያዜማችሁ ሞክሩት፣ ወሎ ውስጥ ደብዳቤ ስለሚጠብቅ ሰው ከሆነ የምትጽፉት ለምሳሌ፦

መኪናው ቆሟል አሉ ሐይቅ ላይ ተበላሽቶ፣
ያንቺን መልስ ይዞ ሌሊቱን ተኝቶ።

አንባቢው የሚያውቀው ዘፈን ቢሆን የራሱን ትዝታ ይዞ ይሄድባችኋል፣ ስለ ራሱ ሰርግ ያስባል፣ ስለ ድሮ ፍቅረኛው። የማያውቀው ከሆነ ግን ዜማውን ራሱ ያወጣለታል፣ ሰውየውንም አይለቀውም።